ለረጅም ርቀት የትኛው ትራክ? አምስት ትራኮችና አራት ሞተሮች በመስፈርት ሲመዘኑ

«ፍሬይትላይነር ይሻላል ወይስ ቮልቮ?» አሜሪካ ውስጥ የራሱን ትራክ ሊገዛ የተነሳ ሹፌር ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህንን ነው። ጥያቄው ግን ግማሹ ጎድሎታል። ኬንዎርዝ ቲ680 ኮፈኑ ሥር ፓካር ኤምኤክስ-13 የሚባል ሞተር ሊኖረው ይችላል፣ ኩሚንስ ኤክስ15ም ሊኖረው ይችላል። ሁለቱ የሚበላሹበት ቦታም የሚጠገኑበት ጋራዥም አንድ አይደለም። የ2014 እና የ2020 ካስኬዲያም ስማቸው አንድ ይሁን እንጂ ጋቢናቸው ሌላ ነው፣ የሞተራቸው ትውልድም ሌላ። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ መጀመሪያ ሥራው፣ ቀጥሎ ሞተሩና የተሠራበት ዓመት፣ ከዚያ የዚያ የአንዱ ትራክ ታሪክ፣ በመጨረሻ ማርካው ነው።

እዚህ የምናወዳድረው 53 ጫማ ትሬይለር (ደረቅ ቫን ወይም ሪፈር የሚባለው ባለ ማቀዝቀዣ) የሚጎትት፣ ከነጭነቱ እስከ 80,000 ፓውንድ የሚመዝን፣ አልጋ ያለውና ከ2014 እስከ 2022 ባለው ጊዜ የተሠራ ያገለገለ ትራክ ነው። የጠጠርና የእንጨት ሥራ ሌላ ስሌት አለው፤ አንነካውም።

ከማርካው በፊት የሚታዩት

*ነዳጅ።* በዓመት 120,000 ማይል የሚሠራ ትራክ በጋሎን 6.5 ማይል ከሄደ 18,460 ጋሎን ገደማ ይጠጣል፤ 7.5 ከሄደ 16,000። ናፍጣን በጋሎን 4 ዶላር ብናስበው ልዩነቱ በዓመት ወደ 9,800 ዶላር ነው። ይህ ገንዘብ ግን ከማርካው ይልቅ የሚመጣው ከፍጥነት፣ ከአካሉ ቅርጽና ከዲፈረንሻሉ ነው። በአውራ ጎዳና ፍጥነት በሰዓት አንድ ማይል በጨመራችሁ ቁጥር ከአንድ ጋሎን 0.1 ማይል ገደማ ይቀንሳል። ስለዚህ 65 የሚነዳ ሹፌርና 72 የሚነዳ ሹፌር በአንድ ዓይነት ትራክ የሚያሳዩት ልዩነት፣ በተመሳሳይ ዓመት በተሠሩ ሁለት ማርካዎች መካከል ካለው ልዩነት ይበልጣል። አፍንጫው ረጅምና አራት ማዕዘን የሆነው ፒተርቢልት 389 መልኩ ያምራል፤ ነፋሱ ግን መልክ አያይም።

*የጭስ ማጽጃው።* ብዙ ሰው የሚከስረው እዚህ ላይ ነው፤ ስለዚህ ረዘም አድርገን እናየዋለን። ከ2007 ወዲህ የተሠሩ የአሜሪካ ትራኮች ጥላሸት የሚይዝ ማጣሪያ (ዲፒኤፍ)፣ ከ2010 ወዲህ ያሉት ደግሞ ከጥቂቶች በቀር ዴፍ የሚባለውን የዩሪያ ፈሳሽ የሚረጭ ክፍል አላቸው። ጥላሸቱ የሚቃጠለው ጭሱ በቂ ሙቀት ሲኖረው ነው፤ ይህ ሪጀን ይባላል። ትራኩ ቀኑን ሙሉ አውራ ጎዳና ላይ ከዋለ ነገሩ በራሱ ይሄዳል። ሞተሩ ሌሊቱን ሙሉ ተነስቶ ካደረ ግን ጭሱ ቀዝቃዛ ነው። ጥላሸት ይከማቻል፣ ኢጂአሩ (ከጭሱ የተወሰነውን ወደ ሞተሩ የሚመልሰው ክፍል) ይቆሽሻል፣ ሪጀን ይደጋገማል፣ ናፍጣውን ጭስ ላይ የሚረጨው ሰባተኛ ኢንጀክተር ይደፈናል። በሪጀን የማይቃጠለው አመድ ደግሞ ማጣሪያው ተፈትቶ በማሽን ካልጸዳ አይወጣም። «ዲፒኤፉ ተጠርጓል» ለሚል ሻጭ መልሱ አንድ ነው፦ ደረሰኙን አሳየኝ፣ ማይሉ ስንት ላይ ነበር?

ኖክስ የሚባለውን መርዛማ ጋዝ የሚለኩት ሴንሰሮች አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ናቸው፤ አንዱ ከማጽጃው በፊት፣ አንዱ በኋላ። ዋጋቸው ከሌላው ዕቃ ጋር ሲተያይ ትንሽ ቢሆንም ጥፋታቸው ትልቅ ነው። የእነዚህ ዓመታት ትራኮች ሲሠሩ ጉድለቱ ሳይጠገን ከቀጠለ ኮምፒውተሩ ጉልበት እንዲቀንስ፣ በመጨረሻም ፍጥነቱን በሰዓት 5 ማይል ላይ እንዲያስር ተደርገው ነው። ጭነት ይዞ ዋዮሚንግ መሃል ላይ በ5 ማይል የሚሄድ ሰው የሚከፍለው ለሴንሰር ብቻ አይደለም፤ ለጎታች መኪና፣ ለሆቴልና ለጠፋው ሎድም (የጭነት ሥራ) ነው። ዴፍ በ12 ዲግሪ ፋረንሃይት ስለሚረጋ የታንኩ ማሞቂያ መሥራቱን ከክረምት በፊት ማየት ይገባል።

ማጽጃውን አውጥቶ ኮምፒውተሩን መለወጥ፣ ሹፌሮች «ዲሊት» የሚሉት፣ በፌዴራል ሕግ ክልክል ነው። ዲሊት የተደረገ ትራክ በርካሽ ቢገኝ እንኳ አትንኩት። መልሶ ለመግጠም የሚወጣው ገንዘብ ዋጋውን ይበላል። ካሊፎርኒያም ከሌላ ስቴት የሚገቡትን ጭምር የጭስ ምርመራ ውጤት ትጠይቃለች።

*ጋራዥና ዕቃ።* ትራክ የሚቆምበትን ቀን በገንዘብ አስሉት። በሳምንት 6,000 ዶላር የሚያስገባ ትራክ ዕቃ ሲጠብቅ አሥር ቀን ቢቆም 8,500 ዶላር ገደማ ሳይገባ ይቀራል፤ ኢንሹራንሱና የባንኩ ክፍያ ግን አይቆሙም። ስለዚህ የምትሠሩበትን መስመር ካርታ ዘርግታችሁ በየ200 ማይሉ ያን ሞተር የሚያውቅ ጋራዥ መኖሩን ቁጠሩ። የግል መካኒካችሁ የዚያን ሞተር ኮምፒውተር የሚያነብ ፕሮግራም እንዳለውም አስቀድማችሁ ጠይቁት።

*ካምቢዮና ዲፈረንሻል።* የፍሪሲዮን ፔዳል የሌለው ባለ 12 ማርሽ ካምቢዮ ዛሬ አብዛኛውን ገበያ ይዟል። መንጃ ፈቃዱን በአውቶማቲክ የተፈተነ ሹፌር ፈቃዱ ላይ «ኢ» የሚል ገደብ ስላለበት፣ ባለ 10 ወይም ባለ 13 ማርሽ በእጅ የሚቀየር ትራክ ከመግዛቱ በፊት ያንን ማስነሳት አለበት። አውቶማቲኮቹ ውስጥ ያለው ፍሪሲዮን የሚያልቀው ዳገት ላይ በነዳጅ ፔዳል ይዞ በመቆምና ዶክ (ማራገፊያ) ላይ ቀስ እያሉ በመገፋት ነው፤ መለወጡ በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ነው።

የዲፈረንሻሉን ቁጥር፣ ማለትም ጎማው አንዴ ሲዞር ዘንጉ ስንቴ እንደሚዞር፣ በቪን (የትራኩ መለያ) ቁጥሩ ከአከፋፋዩ ጠይቁ። 2.64 እና ከዚያ በታች የሆነው ለሜዳና ለቋሚ ፍጥነት፣ 3.36 እና ከዚያ በላይ የሆነው ለዳገትና ለከባድ ጭነት ይመቻል። አንድ ነገር ደግሞ ጎንበስ ብላችሁ እዩ፦ ከኋላ ባሉት ሁለት አክስሎች መካከል የሚሽከረከር አጭር ዘንግ አለ? ከሌለ ትራኩ በአንድ አክስል ብቻ የሚገፋ ነው። ቀላልና ነዳጅ ቆጣቢ ነው፤ በረዶና ጭቃ ያለበት ግቢ ውስጥ ግን ያስቸግራል። ትላልቅ ኩባንያዎች የሚሸጧቸው አንዳንድ ትራኮች እንዲህ ናቸው፤ ማስታወቂያው ላይ ሁልጊዜ አይጻፍም።

*አልጋና ኑሮ።* ለብቻ ለሚሠራ 70 ወይም 72 ኢንች አልጋ ይበቃል። በቲም፣ ማለትም እየተፈራረቁ ለሚነዱ ሁለት ሰዎች ግን ከዚያ በላይ ያለችው ጥቂት ኢንች የእንቅልፍ ጉዳይ ናት። ኤፒዩ (ትልቁ ሞተር ጠፍቶ ጋቢናውን የሚያሞቅና የሚያቀዘቅዝ ትንሽ ሞተር) ወይም የባትሪ ማቀዝቀዣ ያለው ትራክ ምረጡ። ሞተር ተነስቶ ሲያድር በሰዓት 0.8 ጋሎን ገደማ ይጠጣል፤ ኤፒዩ ሩቡን ያህል ነው። በአሥር ሰዓት ዕረፍት ስድስት ጋሎን ተረፈ ማለት ነው፣ ዲፒኤፉም ያመሰግናችኋል። ማቀዝቀዣ (ፍሪጅ) እና ቢያንስ 1,500 ዋት ኢንቨርተር መኖሩም ይታይ፤ በዐቢይ ጾም ትራክ ስቶፕ ውስጥ የጾም ምግብ የፈለገ ሰው ምክንያቱን ያውቀዋል።

ትራኮቹ አንድ በአንድ

*ፍሬይትላይነር ካስኬዲያ፣ ዲትሮይት ዲዲ15 (14.8 ሊትር) ወይም ዲዲ13።* በመንገዱ ላይ በብዛት የሚታየው ይህ ነው፤ ትልቁ ጥቅሙም እሱ ነው። ዕቃው በየቦታው አለ፣ አማራጭ አምራቾች የሚሠሩትም ብዙ ነው፣ የማያውቀው መካኒክ የለም ማለት ይቻላል። ከ2018 ሞዴል ጀምሮ የመጣው አዲሱ ቅርጽ ነፋስ ይቆጥባል፤ ዲቲ12 ካምቢዮውም ለስላሳ ነው። ድክመቱ ጋቢናው ላይ ይታያል፦ ፕላስቲኩ ቶሎ ይንቋቋል፣ በሩ ነፋስ ያሰማል። ሞተሩ ላይ መጀመሪያ የሚታየው የነዳጅ መስመር ውስጥ አየር መግባት ነው፤ ጠዋት ለመነሳት ብዙ የሚያሽከረክር ዲዲ15 ካያችሁ የማጣሪያውን ቤትና የቱቦ ማያያዣዎቹን ጎማ ጠርጥሩ። ማጽጃው በአንድ ሣጥን ውስጥ የታጨቀ ስለሆነ ሣጥኑ ሲበላሽ ሒሳቡ ይከብዳል። ከ2013 በፊት በነበሩት ላይ የሚገኘው ተጨማሪ ተርባይን ያለው ዲዲ15 ዛሬ ለመግዛት አይመከርም። ሌላው እንከኑ መልሶ ሲሸጥ ነው፤ ገበያው በካስኬዲያ የተሞላ ስለሆነ የእናንተን ለይቶ የሚፈልግ የለም።

*ቮልቮ ቪኤንኤል፣ ዲ13 (12.8 ሊትር)።* መቀመጫው፣ ዝምታውና የመሪው መታጠፍ ከአምስቱ የተሻለ ነው ብንል ብዙ ሰው አይከራከረንም። ጠባብ የኒው ጀርሲ ግቢ ውስጥ ለሚገባ ሹፌር መታጠፉ ብቻ ይበቃዋል። አይ-ሺፍት ካምቢዮው በዘርፉ አንጋፋ ነው፣ ነዳጁም ጥሩ ነው። 760 የሚባለው ባለ 70 ኢንች፣ 860 ደግሞ ባለ 77 ኢንች አልጋ ነው።

ዲ13 ላይ ሳያዩ የማይገዛ ነገር የኢንጀክተር ኩባያ (ኢንጀክተሩ የሚቀመጥበት እጅጌ) ነው። ኩባያው ሲያፈስ ናፍጣ ከኩላንት ጋር ይገናኛል ወይም የቃጠሎ ጋዝ ወደ ነዳጁ ይገባል። ምልክቱ አድሮ ጠዋት ለመነሳት ማስቸገር፣ የኩላንት ማጠራቀሚያው መጥቆር፣ ክዳኑ ሲከፈት የናፍጣ ሽታ ነው። ሁለተኛው ችግር ማንበቢያው ነው፤ ብዙ የግል ጋራዦች የቮልቮን ፕሮግራም ስለማይይዙ ብልሽቱ ትንሽ ቢሆንም ወደ አከፋፋይ ትገፋላችሁ፣ አከፋፋዩ ጋር ደግሞ ወረፋ አለ። ቤቱ ከቮልቮ ወይም ከማክ አከፋፋይ ራቅ ላለ ሰው ይህ ከመቀመጫው ምቾት በላይ መመዘን አለበት። ኩባንያው በጃንዋሪ 2024 አዲስ ቪኤንኤል አውጥቷል፤ እኛ የምናወራው ከእሱ በፊት ስለነበረው ነው።

*ኬንዎርዝ ቲ680 እና ፒተርቢልት 579።* ሁለቱም የፓካር ኩባንያ ልጆች ናቸው፤ ሞተራቸው፣ ካምቢዮአቸውና አብዛኛው ውስጣቸው አንድ ዓይነት ነው። የዋጋ ልዩነት ካያችሁ የምትከፍሉት ለስሙ ነው። የኬንዎርዙ ትልቁ አልጋ 76፣ የፒተርቢልቱ 80 ኢንች ነው። አሠራራቸው ጠንካራ ነው፣ ዓመት አልፎም በራቸው ሲዘጋ ድምፁ ጥሩ ነው፣ መልሰው ሲሸጡም ከካስኬዲያ የተሻለ ዋጋ ይይዛሉ።

ክርክሩ ሞተሩ ላይ ነው። ኤምኤክስ-13 (12.9 ሊትር) ቀላል ነው፣ ነዳጅ ይቆጥባል፤ ካምሻፍቱና እሱን የሚነካው ሮለር መልበሳቸው ግን በዚህ ሞተር ላይ የታወቀ ቅሬታ ነው። ሲለብስ ብረት ዘይት ውስጥ ይገባል። የዘይት ምርመራ ሳይደረግ ኤምኤክስ-13 መግዛት አይመከርም። ያው ቲ680 ከኩሚንስ ኤክስ15 (14.9 ሊትር) ጋር ሲሆን ዋጋው ይጨምራል፣ ጥቂት መቶ ፓውንድም ይከብዳል፤ በምትኩ ግን በየከተማው ኩሚንስ የሚሠራ ጋራዥ አለ፣ ጉልበቱም እስከ 605 ፈረስ ይደርሳል። ኤክስ15 ላይ የሚፈተሹት የኢጂአር ማቀዝቀዣውና የቱርቦው ኤሌክትሪክ መቆጣጠሪያ ናቸው። ኩላንት እየጎደለ መሬት ላይ ጠብታ ካልታየ ማቀዝቀዣው ወደ ጭሱ እያፈሰሰ ሊሆን ይችላል፤ ያ ኩላንት መጨረሻው ዲፒኤፉ ውስጥ ነው።

ዳገት ለሚበዛበት መስመር ምርጫችን ኤክስ15 ነው። ከዴንቨር በአይ-70 ወደ ምዕራብ የአይዘንሃወር ዋሻ ከ11,000 ጫማ በላይ ላይ ነው፤ ኦሬጎን ውስጥ አይ-84 ላይ ያለው ካቤጅ ሂል 6 በመቶ ቁልቁለት ነው። እዚያ ትልቁ ሞተር የሚጠቅመው ለመውጣት ብቻ አይደለም፤ የሞተር ፍሬኑ በቁልቁለት የተሻለ ይይዛል።

*ኢንተርናሽናል ኤልቲ።* በኤክስ15 የሚገኘው ኤልቲ ከአምስቱ ርካሹ ጥሩ ትራክ ሊሆን ይችላል፤ ሞተሩ ያው ኩሚንስ ነው፣ ጋቢናው ግን ቅንጦት የለውም። ኤ26 (12.4 ሊትር) ያለውን የሚገዛ በአቅራቢያው የኢንተርናሽናል አከፋፋይ ይኑረው። ከኤልቲ በፊት የነበረውን ፕሮስታር ከማክስፎርስ 13 ሞተር ጋር ግን እርሱት። ያ ሞተር ያለ ዴፍ በኢጂአር ብቻ ሕጉን ሊያሟላ የሞከረ ነው፤ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደርሶ በ135 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት አልቋል። መለያው ቀላል ነው፦ የ2011 ወይም የ2012 ፕሮስታር ሆኖ የዴፍ ታንክ ከሌለው ዞር በሉ።

በአንድ ዕይታ

| ትራክና ሞተር | ዕቃና ጋራዥ | ምቾት | መልሶ ሲሸጥ | ከሁሉ በፊት የሚፈተሽ |
|---|---|---|---|---|
| ካስኬዲያ፣ ዲዲ15 | በጣም ቀላል | መካከለኛ | ዝቅተኛ | የጠዋት አነሳስ፣ የማጽጃ ሣጥን |
| ቪኤንኤል፣ ዲ13 | አከፋፋይ ላይ የተንጠለጠለ | ከፍተኛ | ዝቅተኛ እስከ መካከለኛ | የኢንጀክተር ኩባያ፣ ኩላንት |
| ቲ680 / 579፣ ኤምኤክስ-13 | መካከለኛ | ጥሩ | ጥሩ | ዘይት ውስጥ ብረት፣ ካምሻፍት |
| ቲ680 / 579፣ ኤክስ15 | ቀላል | ጥሩ | ከፍተኛ | ኢጂአር ማቀዝቀዣ፣ ቱርቦ |
| ኤልቲ፣ ኤክስ15 | ቀላል | ዝቅተኛ እስከ መካከለኛ | ዝቅተኛ | ኢጂአር ማቀዝቀዣ፣ የኤሌክትሪክ ገመድ |

ከመፈረም በፊት

ኩባንያዎች ትራካቸውን የሚሸጡት አብዛኛውን ጊዜ አራትና አምስት ዓመት ሠርተው 500,000 ማይል አካባቢ ሲደርሱ ነው። ይህ ቁጥር በአጋጣሚ የመጣ አይደለም፤ የተራዘመው የሞተር ዋስትና የሚያልቀው እዚያው አካባቢ ነው። ስለዚህ ቁጥሩ ከማርካው ይበልጥ ይነግራችኋል።

የሞተሩን ኮምፒውተር አስነብቡ። ጠቅላላ ማይል፣ ጠቅላላ ሰዓት፣ የጠጣው ነዳጅ፣ ቆሞ የሠራበት ሰዓትና የሪጀን ታሪክ ሁሉም እዚያ አሉ። ስሌቱ እንዲህ ነው፦ 500,000 ማይል በአማካይ በሰዓት 50 ማይል ከተነዳ 10,000 ሰዓት ይሆናል። ኮምፒውተሩ 16,000 ሰዓት ካለ ሞተሩ 6,000 ሰዓት ቆሞ ሠርቷል፤ ዲፒኤፉና ኢጂአሩ እንዴት እንደኖሩ ከዚህ ተረዱ። የብልሽት ኮዶች በሙሉ ከተሰረዙ ደግሞ ለምን ዛሬ እንደተሰረዙ ጠይቁ።

ዘይቱን ለላቦራቶሪ ላኩ፤ ከ50 ዶላር በታች ነው፣ ውጤቱም በጥቂት ቀን ይደርሳል። ሶዲየምና ፖታሲየም ከታዩ ኩላንት ገብቷል፤ መዳብና እርሳስ ከበዙ ብሮንዚናው እያለቀ ነው፤ ናፍጣ ከተገኘ ኢንጀክተሩ ወይም ፓምፑ ያፈሳል። ዘይቱ ትናንት ተቀይሮ ከሆነ ምርመራው ዋጋ የለውም።

ሞተሩ ቀዝቃዛ ሆኖ እንዲጠብቃችሁ ለሻጩ አስቀድማችሁ ንገሩት፤ ስትደርሱ ሞቆ ካገኛችሁት ሌላ ቀን ተመለሱ። ከሞቀ በኋላ የዘይት መሙያውን ክዳን ገልብጣችሁ ቀዳዳው ላይ አስቀምጡ፤ ጋዝ ገፍቶ ከጣለው ፒስተኑ አካባቢ ችግር አለ። ሪጀን በግድ አስደርጋችሁ እስኪያልቅ ጠብቁ፤ ካቋረጠ ምክንያቱ ይታወቅ። ከፊት ባምፐሩ ተቀይሮ ከሆነ የግጭት መከላከያው ራዳር መስተካከሉን ጠይቁ፤ ያልተስተካከለ ራዳር ባዶ መንገድ ላይ ፍሬን ይይዛል።

ለማን የትኛው

እስከ 40,000 ዶላር ላለው፦ ከ2016 ወዲህ የተሠራ ካስኬዲያ ከዲዲ15 ጋር ወይም ኤልቲ ከኤክስ15 ጋር፣ የጥገና ደረሰኝ ያለው። ገንዘቡን በሙሉ ለትራኩ አትክፈሉ። ቢያንስ 10,000፣ ቢቻል 15,000 ዶላር ለመጀመሪያዎቹ ወራት ይቀመጥ። አሥር ጎማ፣ አንድ ቱርቦና አንድ የዲፒኤፍ ጽዳት በአንድ ወር ሊመጡ ይችላሉ። ሞተር ማውረድ ደግሞ ከ20,000 ዶላር በላይ ነው፤ ያ ከመጣ መጠባበቂያውም አይበቃም።

ከ50,000 እስከ 80,000 ላለውና ሜዳ ለሚሠራ፣ ለምሳሌ ከዳላስ ወደ አትላንታና ሺካጎ፦ ከ2019 እስከ 2021 የተሠራ ካስኬዲያ፣ ወይም አከፋፋይ ቅርቡ ከሆነ ቪኤንኤል 760። መነሻው ሲያትል ወይም ዴንቨር ለሆነ ያንኑ ገንዘብ ቲ680 ወይም 579 ከኤክስ15 ጋር፣ በሁለት አክስል የሚገፋ።

በቲም ለሚሠሩ ቪኤንኤል 860 ወይም 579 ባለ 80 ኢንች። በዓመት 200,000 ማይል የሚሠራ ትራክ ዋስትናው ቶሎ ስለሚያልቅ የተራዘመ ዋስትና ግዙ፤ ማጽጃውን መሸፈኑን ግን ውሉ ላይ በዓይናችሁ አንብቡ፤ ብዙዎቹ አይሸፍኑም።

አዲስ ለሚገዛ ከዋጋው ላይ 12 በመቶ የፌዴራል ኤክሳይዝ ታክስ አለ፤ የ160,000 ዶላር ትራክ ላይ 19,200 ዶላር ነው። ያገለገለ ትራክ ላይ ይህ የለም። ጠንካራ ኮንትራት ካልያዛችሁ የመጀመሪያ ትራካችሁን አዲስ አታድርጉት። ኩባንያ «ሎዱንም ትራኩንም እኔ እሰጥሃለሁ፣ ከደመወዝህ እየቆረጥኩ» ሲል ደግሞ ሦስት ነገር በጽሑፍ ጠይቁ፦ ጥገናው የማን ነው፣ ሎድ ሲጠፋ ሳምንታዊ ክፍያው ይቀጥላል ወይ፣ ከኩባንያው ስለቅ የከፈልኩት ገንዘብ ምን ይሆናል። ለሦስተኛው በጽሑፍ መልስ ካልሰጡ ውሉን አትፈርሙ።